ተጨማሪ መረጃ፦ ፕሬዚዳንቱ ባይፈርምስ?
በፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ምክር ቤት ያጸደቀው ረቂቅ ገና ሕግ አይደለም። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ካልተቀበለው፣ እሑድን ሳይጨምር በ10 ቀናት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሰዋል። ያኔ ረቂቁ ሕግ የሚሆነው በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያገኝ ብቻ ነው። ይህ በቀላሉ የሚገኝ ድምፅ አይደለም።

የእኛ ሥርዓት ፓርላማዊ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 መሠረት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መክሮ የተስማማበት ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል። በ15 ቀናት ውስጥ ካልፈረመ ግን ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። እንግዲህ የእኛ ፕሬዚዳንት ዝም ቢል ሕጉን አያስቀረውም።

ክልሎችም የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ። ለሸዋ ሮቢት ተማሪ ቅርቡ ምሳሌ የመሬት ሕግ ነው፦ የይፋት ቆላ ገበሬ በሳጥን ቆልፎ ስለሚያስቀምጠው የይዞታ ደብተር የሚደነግገው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የወጣው በአማራ ክልል ምክር ቤት፣ የታተመውም በክልሉ ዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው። ቅጂውን ካገኛችሁ የመጨረሻውን ገጽ ግለጡና በማን ስም እንደወጣ ተመልከቱ።