ናፍታ ሲጨመር ሚኒሞው ለምን ይበላሻል?

ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚመጣ አነስተኛ አይሱዙ አስቡ። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ሹፌሩ «ጉልበት አነሰው» ይልና ጋራዥ ወስዶ ፖምፓውን ያስነካል። መካኒኩ አንዲት ብሎን ጥቂት ያዞራል፤ ናፍታው ይጨምራል። እውነትም መኪናው ዳገቱን ቀለል ብሎት ይወጣል። ጉዱ የሚታየው ሲቆም ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ሞተሩ ብቻውን ሲሠራ፣ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ይወርዳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል።

«ታዲያ የሚኒሞዋን ብሎን ጠበቅ ማድረግ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ያቺ ብሎን መጨረሻ ላይ የምትነካ ናት ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ዙር ይሽከረከራል እንበል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል፣ አራቱ በአንድ ላይ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ በሰዓት ደግሞ 90,000 ጊዜ ናፍታ ይረጭባቸዋል። ሞተሩ በሰዓት 0.7 ሊትር የሚያቃጥል ከሆነ፣ አንዱ ርጭት 8 ሚሊሜትር ኪዩብ አካባቢ ነው። አንድ የውኃ ጠብታ 50 ሚሊሜትር ኪዩብ ገደማ መሆኑን አስታውሱ፤ ስለዚህ ይህ የጠብታ አንድ ስድስተኛ ነው! አሁን አንዱ ኖዝል በ2 ሚሊሜትር ኪዩብ ቢሳሳት፣ ሙሉ ጭነት ላይ ርጭቱ ብዙ ስለሆነ ማንም አያውቅበትም። ሚኒሞ ላይ ግን ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። ሚኒሞ ሌላ ጊዜ የተደበቀውን ጥፋት ሁሉ ያጋልጣል።

በዚያ ላይ ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየሩን እያነቀ ፍጥነቱን አይቆጣጠርም። ዙሩን የሚወስነው የሚረጨው የናፍታ መጠን ነው። ናፍታው ትንሽ ከበዛ ዙሩ ይጨምራል፣ ትንሽ ካነሰ ሞተሩ ይጠፋል። በየቅጽበቱ የሚያመጣጥን ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም ገቨርነር ይባላል። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የተጠቀመበት ሐሳብ ነው። የሚሽከረከሩ ክብደቶች ዙር ሲጨምር ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ ዙር ሲወርድ ደግሞ ስፕሪንግ መልሶ ይገፋቸዋል።

የክብደቶቹ ጉልበት ከዙሩ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። በ3,600 ዙር ያለውን ጉልበት በ750 ዙር ካለው ጋር ብታነጻጽሩ 23 እጥፍ ይበልጣል። ሚኒሞ ላይ ያለው ጉልበት በጣም ደካማ በመሆኑ ለእሱ ብቻ ለስላሳ ስፕሪንግ ይቀመጣል። እዚያ ቦታ ላይ ጥቂት የሰበቃ ጭማሪ፣ ጥቂት ቆሻሻ፣ ሚዛኑን ያናጋዋል።

ወደ ብሎኗ እንመለስ። እንደ 4ጄቢ1 ባሉ 2.8 ሊትር ሞተሮች ላይ የሚገኘው ክብ ፖምፓ ውስጥ፣ የከፍተኛው ናፍታ ብሎን ስትጠብቅ የገቨርነሩ ማንሻ የሚዞርበት ነጥብ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የተጨመረው ለዳገቱ ብቻ ሳይሆን ለሚኒሞውም ነው፤ ዙሩ ይወጣል። መካኒኩ ይህን ለማካካስ የሚኒሞዋን ብሎን ያላላል። አሁን ስፕሪንጉ ከተሠራለት ቦታ ወጥቶ ነው የሚሠራው። ገቨርነሩ ዘግይቶ ያርማል፣ ሲያርም ያበዛል፣ መልሶ ይቀንሳል፤ ሞተሩ «ሩም… ሩም…» ማለት ይጀምራል። ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 ስለ ገቨርነሮች ባሳተመው ጽሑፍ የመረመረው እንዲህ ያለውን መዋዠቅ ነው። ዛሬ የድሮንና የሮቦት ተማሪዎች የሚታገሉትም ከዚሁ ጋር ነው።

ደግሞ ሶዶ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከዚያ በላይ አየር ከየት ያመጣል? የሚያቃጥለው አየር ያላገኘ ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ኖዝሉንም ያጠቁራል።

ነገሩ ከጭስና ከጩኸት ያልፋል። ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ናፍታ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር አለ። ሚኒሞው የማይታመን ሞተር እዚያ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በእነዚህ ትናንሽ የጭነት መኪናዎች ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም በሞተሩ ጉልበት የሚመረት ነው። ሞተሩ ከጠፋ አንድ ሁለት ጊዜ ይረግጣሉ፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። የተጫነ መኪና ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በፎሌ ባይወርድ ኖሮ ጎማዎቹ ራሳቸው ሞተሩን ያዞሩት ነበር።

እንግዲህ ጥገናው ከየት ይጀምር? ከቀላሉ። መጀመሪያ የናፍታው ፊልትሮ ይቀየር፣ ውኃው ይውጣ። ፖምፓው ተፈትቶ ከነበረ አየር የሚስብበት ቦታ ይኖራል፤ ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ለጊዜው ቢገባ አረፋው በዓይን ይታያል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መካኒኩ የኖዝል ቧንቧዎቹን በየተራ ላላ ያደርጋል። የትኛው ሲላላ ድምፁ ካልተቀየረ ያኛው ሲሊንደር ድሮም አልሠራም ማለት ነው። (ይህን እናንተ አትሞክሩት፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል።) ከዚያ ኖዝሎቹ ይለካሉ፣ የርጭቱ ሰዓት ይታያል። የከፍተኛው ናፍታ ብሎን ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ጥሩው መንገድ ፖምፓውን በመለኪያ ማሽን ላይ ማስተካከል ነው። የሚኒሞዋ ብሎን ተራ የሚደርሰው ይሄኔ ነው፤ እሱም በዙር መለኪያ። ለዳገቱ ደግሞ ጭነት መቀነስና ማርሽ ቶሎ ማውረድ አለ።

እናንተ ልትሞክሩት የምትችሉት ግን አለ። የስልካችሁን የንዝረት መለኪያ የሚያሳይ አፕ ከፍታችሁ፣ መኪናው ቆሞ ሚኒሞ ላይ ሲሠራ ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጡ። በ750 ዙር ጤነኛ ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይመታል። አንዱ ሲሊንደር ከደከመ በሰከንድ 6 ጊዜ ያህል የሚመጣ ዝግ ያለ ማነከስ ከሥሩ ብቅ ይላል፤ እጃችሁ ሳይቀር ይሰማዋል።