የአሜሪካ ተምችን ከሌሎች የበቆሎ ተባዮች ለይቶ ማወቅ

የአሜሪካ ተምች በሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ የሚባል የእሳት እራት ትል ነው። መነሻው የአሜሪካ ሞቃት አካባቢዎች ሲሆኑ፣ በአፍሪካ መገኘቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በኢትዮጵያም በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ በመስኖ በለማ በቆሎ ላይ ታይቷል።

መለየቱ ለምን ያስፈልጋል?

ትሉ ካደገ በኋላ በበቆሎው እምብርት ውስጥ ስለሚሸሸግ የሚረጨው ኬሚካል በቀላሉ አይደርሰውም። ስለሆነም በሌላ ተባይ ተሳስቶ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን በምርት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያባብሳል።

የመለያ ምልክቶች

• በትሉ ግንባር ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር ይታያል።
• በጅራቱ አቅራቢያ፣ ከመጨረሻው ቀደም ባለው የሰውነት ክፍል ላይ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይገኛሉ።
• በእምብርቱ ዙሪያ የተቦጫጨቀ ቅጠልና እርጥብ ሰጋቱራ የሚመስል ኩስ ይኖራል።

በግንባር ላይ ያለው መስመር በተዛማጅ ዝርያዎችም ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ምልክቶቹ በትንንሽ ትሎች ላይ ጎልተው ስለማይታዩ ከፍ ያሉትን መርጦ መመልከት ይገባል።

ከሌሎች ተባዮች የሚለይበት ሁኔታ

ነባሩ የአፍሪካ ተምች ሲበዛ ጠቁሮ በመንጋ ይጓዛል፤ የግጦሽ ሣርንና ጤፍንም ያጠቃል። አገዳ ቆርቋሪ ደግሞ ከላይ የተገለጹት አራት ነጠብጣቦች የሉትም፤ አገዳውን ሰርስሮ በውስጡ ይኖራል።

የአሜሪካ ተምች ራሱ “የበቆሎ” እና “የሩዝ” በመባል የሚታወቁ ሁለት ዘሮች አሉት። እነዚህን በዓይን መለየት ስለማይቻል የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል።

አርሶ አደሩ ምን ማድረግ አለበት?

1. ማሳውን በየጊዜው እየተዘዋወሩ የቅጠሉን ሥርና እምብርቱን መፈተሽ፤ በክምር የተጣለና በጸጉር መሰል ነገር የተሸፈነ እንቁላል ሲገኝ ጨፍልቆ ማጥፋት።
2. ዝርያው አጠራጣሪ ከሆነ ጥቂት ትሎችን አልኮል ባለበት ክዳናም ብልቃጥ ውስጥ አኑሮ የተገኙበትን ቀን፣ ቀበሌና የሰብል ዓይነት መጻፍ።
3. ናሙናውን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስረከብ።

የተባዩ ማንነት በባለሙያ ሳይረጋገጥ ኬሚካል መርጨት ገንዘብን ያባክናል፤ ንቦችንና ጠቃሚ ነፍሳትንም ይጎዳል።