ስለ ነጭ ባሕር ዛፍና ስለ ቀይ ባሕር ዛፍ ልዩነት

ባሕር ዛፍ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ነገር ግን ነጭ ባሕር ዛፍና ቀይ ባሕር ዛፍ ወንድማማች ሲሆኑ ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። ይህን ሳይለይ የተከለ ገበሬ የብዙ ዓመት ድካሙን ያጣል።

ሁለቱም ከአደስ፣ ከዶቅማና ከዘይቱን ጋራ ከአንድ ወገን ይቈጠራሉ። የትውልድ አገራቸው አውስትራልያ ነው። ነጩ የተገኘው ብርድና ዝናም ካለበት ከታስማንያ ደሴትና ከደቡብ ምሥራቁ ክፍል ሲሆን፣ ቀዩ ግን በሞቃቱ አገር በወንዝ ዳር የሚበቅል ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለ መጣም በዚህ ስም ተጠራ።

የሁለቱም እምቡጥ እንደ መሶብ ክዳን አለው። ክዳኑ ሲወድቅ ብዙ ነጫጭ ክሮች ይወጣሉ፤ ንብም ማሩን ፈልጋ ትመጣበታለች። ነጩ አብዛኛውን ጊዜ በየቅጠሉ ብብት አንድ ትልቅ አበባ ብቻ ያወጣል፤ እምቡጡም ሸካራና ማዕዘን ያለው ነው። ቀዩ ግን 7 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ትንንሽ አበቦች በአንድ ዘለላ ያወጣል፤ የእምቡጡም ክዳን እንደ ወፍ አፍ የሾለ ነው። የነጩ ፍሬ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ የቀዩ 1 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ አበባ እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ፤ ስለዚህ በችግኝነቱ መለየት ይገባል። የነጩ ችግኝ ቅጠል ዐመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አንገት ስለሌለውም ሁለት ሁለት ሆኖ ከግንዱ ጋራ ይጣበቃል፤ ግንዱም አራት ማዕዘን ነው። የቀዩ ቅጠል ግን በቀጭን አንገት ይንጠለጠላል።

ነጩ ለደጋ ይስማማል፤ በሞቃትና በደረቅ ስፍራ ግን ይጠወልጋል። ቀዩ ሙቀትንና ድርቅን ይታገሣል፤ ውርጭ ግን ይጐዳዋል። እንጨቱም ቀይና ከባድ ስለ ሆነ፣ በመሬት ውስጥ ሲቀበር ከነጩ ይልቅ ይጸናል። ሁለቱም ውኃ አብዝተው ይጠጣሉና በምንጭ አጠገብና በእርሻ ዳር ሊተከሉ አይገባም።

እንግዲህ መምህሩ ሁለቱን ችግኞች አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ለልጆችና ለሽማግሌዎች ቢያሳይ፣ ስሕተቱ ወደ መሬት ሳይገባ ይታረማል።