የረቡዕ ገበያና ጠላ ቤት
በጎጃም ደጋ ስላለው ሳምንታዊ ማዕድ፣ የሙያ ትምህርትና የአዝማሪ ዜማ

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ ተራራ አካባቢ፣ በስናን ወረዳ የምትገኘው ሮብ ገበያ ስሟን የወሰደችው ከገበያዋ ቀን ነው። በአገራችን ሰኞ ገበያ፣ ማክሰኞ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ እየተባሉ የሚጠሩ ቦታዎች ብዙዎች ናቸው። ይኸውም የአንድ አካባቢ ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው ስለሚቆሙ፣ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ሳምንቱን ይፈጽማል፤ ገበሬውም ለመሸጥ፣ ለመግዛት፣ ዘመድ ለመጠየቅና ወሬ ለመስማት በቅርቡ የሚቆመውን ይመርጣል። ስለዚህ የገበያ ቀን የንግድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ተራርቆ የሚኖረው የደጋ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ፊት ለፊት የሚተያይበት ቀን ነው።

ይህ ሰው ከገበያው ሲወጣ የሚያርፍበት ቤት ያስፈልገዋል። ያም ቤት ከጥንት ጀምሮ ጠላ ቤት ነው። በደጃፉ በእንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ከታየ፣ ጠላው እንደ ደረሰ መንገደኛው ያውቃል። በዚህ ቤት ሦስት ነገሮች በአንድነት ይፈጸማሉ፤ ሳምንታዊ ማዕድ ይቀርባል፣ የወጥና የጠላ ሙያ ከአንዲቱ ወደ ሌላዪቱ ይተላለፋል፣ አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ ነገሮች በአንድ ጣራ ሥር የተገናኙት እንዴት እንደ ሆነ፣ አንዱም ሲጓደል ሌሎቹ የሚጓደሉት ስለ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የቀኑን ጠባይ መመልከት ይገባል። ረቡዕ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት በጌታ ላይ ምክር የተደረገበት ዕለት ስለ ሆነ ይጾማል። ጾሙ የማይጾምበት ዋናው ወቅት ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ኀምሳ ነው፤ በዚያም ውስጥ ሰባት ረቡዕ ይገኛሉ። እንግዲህ ልደት ወይም ጥምቀት ረቡዕ ካልዋለ በቀር፣ ከዓመቱ 52 ረቡዕ ውስጥ 45ቱ የጾም ቀኖች ናቸው ማለት ነው። ቅዳሜ የሚቆም ገበያ ሥጋና ቅቤ የሚበላበት ሲሆን፣ የረቡዕ ገበያ ግን ዓመቱን ሁሉ ለማለት በሚቻልበት መጠን የጾም ገበያ ነው። ቅቤውና እንቁላሉ ለመሸጥ ይወጣል እንጂ በዚያው ቀን ለገበያተኛው ምሳ አይሆንም።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው የሰዓት ነገር ነው። ፍትሐ ነገሥት የረቡዕንና የዓርብን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያደርሰዋል። ሥርዐቱን የሚጠብቅ ሰው ጠዋት ቢራብም ቢጠማም ታግሦ ይገበያያል፤ ወደ ጠላ ቤት የሚገባውም ገበያው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የጠላ ቤቱ ሰው በየሰዓቱ እየተንጠባጠበ ሳይሆን በአንድነት ይመጣል፤ በአንድነት የመጣ ሰው ደግሞ ለጨዋታና ለዜማ ይመቻል። ሁለተኛው የምግብ ነገር ነው። የሚቀርበው ማዕድ የሽሮ ወጥ፣ የክክ አልጫ፣ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ስልጆ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ንፍሮና ቆሎ ነው። በደጋው ላይ ገብስና ድንች በብዛት ስለሚገኙ የገብስ እንጀራና የድንች ወጥም ከዚሁ ይቈጠራሉ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው በዊልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዛሬ በጮቄ ዙሪያ የሚበላውን የጾም ማዕድ ያለ ድንች ማሰብ ስለሚያስቸግር፣ ጥንታዊ የምንለው ገበታ ምን ያህል አዲስ ነገር ሊቀበል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የጾም ወጥ ከፍስክ ወጥ ይልቅ ሙያን ይፈትናል። ቅቤ ብዙ ጕድለት ይሸፍናል፤ የኑግ ዘይት ግን አይሸፍንም። የሽሮው ጣዕም የሚገኘው ከአተሩ ወይም ከባቄላው አቈላል፣ ከቀይ ሽንኩርቱ አበሳሰል፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማው፣ ከበሶብላውና በደጋው ከሚበቅለው ጦስኝ መጠን ነው። በረቡዕ ገበያ ወጥ ሸጣ ስም ያገኘች ሴት እንግዲህ በጾም ወጥ ተፈትና ያለፈች ናት። ገበያተኛውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ከሁለት ጠላ ቤቶች አንዱን ሲመርጥ ስለ ጠላው ብቻ ሳይሆን ስለ ሽሮውም ይጠይቃል።

ስለ ጠላው አሠራር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ዕቃዎቹ ነው፤ እዚህ ግን ስለ ቀኖቹ መናገር ያሻል። ለረቡዕ የሚደርስ ጠላ የሚጀመረው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራም ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱም ሁለት ሦስት ቀን ይቈያል። ከዚያ የተቈራረሰ ቂጣና የብቅል ዱቄት ይገባበታል። ቀጥሎ በምጣድ የታመሰ እንኩሮ ወይም ተቈልቶ የተፈጨ አሻሮ ተጨምሮበት ድፍድፍ ይሆናል፤ ተከድኖም ጥቂት ቀኖች ይሰነብታል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶበት አፉ ይታተማል። በብርዳማው ደጋ መብላላቱ ስለሚዘገይ ከቆላው ይልቅ አንድና ሁለት ቀን መጨመር ግድ ነው። የብቅሉ መዘፍዘፍ፣ መብቀልና መድረቅ ለብቻው ሌላ ቀን እንደሚፈልግም መዘንጋት አይገባም።

ሥራው እንዲህ ከአንድ ሳምንት የሚያልፍ ከሆነ፣ በየሳምንቱ የምትሸጥ ሴት አንዱን ጋን ጨርሳ ሌላውን ልትጀምር አትችልም። የዚህ ረቡዕ ጠላ ሲቀዳ የሚመጣው ረቡዕ ጠላ በጥንስስ ላይ መገኘት አለበት። ቤቱም ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ገበያው በሳምንት አንድ ቀን ቢሆንም የጠላ ቤቱ ሥራ የሰባት ቀን ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ጠላ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚጠጣው ቅራሪ፣ በመጨረሻም ለከብት የሚሰጠው አተላ ከእህሉ ምንም እንዳይባክን ያደርጋሉ።

የሙያው ትምህርት የሚገኘው ከዚህ ድርብርብ ሥራ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ልትወጣው ስለማትችል፣ የእኅት ልጅ፣ የባላገር ዘመድ ወይም ተቀጣሪ ልጃገረድ አብራት ትኖራለች። ልጅቱ «እትዬ» እያለች የምታገለግላት ሴት አሠሪዋም መምህርቷም ናት። ትምህርቱም ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ጋን ማጠብና ጌሾ መልቀም፣ ቀጥሎ ብቅል መጠበቅ፣ ቀጥሎ እንኩሮ ማመስ ትማራለች፤ ጥንስሱን የምትጥለውና ውኃውን የምትለካው መጨረሻ ላይ ነው። በወጡም በኩል ሽንኩርት ከመክተፍ ተነሥታ ሽሮ እስከ ማዋሐድ ትደርሳለች። መስፈሪያው ጣሳና እፍኝ ይሁን እንጂ ዋናው ዳኛ ዐይን፣ አፍንጫና ጆሮ ነው። የእንኩሮው መብሰል በመልኩና በሽታው፣ የድፍድፉ መንቃት ክዳኑን ከፍቶ በማዳመጥ ይታወቃል።  አማርኛ በማብሰል የሠለጠነችን ሴት ሌላ መጠሪያ ሳይጨምር «ባለሙያ» ብሎ መጥራቱ፣ ሕዝቡ ይህን ዕውቀት ከሙያዎች ሁሉ ፊት እንዳስቀመጠው ያመለክታል።

ይህ ትምህርት የኑሮ መሠረት ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች፣ የሚያርስላት የሌላት ሴት ወደ ገበያ ከተማ መጥታ ራሷን የምትችልበት ዋናው መንገድ ጠላ መሸጥ ነበር። ካፒታሏ ጋን፣ ምጣድና ሙያ ብቻ ነው። ኅብረተሰቡ ግን ለዚህች ሴት ያለው አስተያየት የተከፈለ ነው። «ኮማሪት» የሚለው ስም ሲጠራ ከምስጋና ይልቅ ንቀት ያዘለ ሆኖ ይሰማል፤ ይሁን እንጂ የናቃት ሰው ራሱ በየረቡዑ ማዕዷ ላይ ይቀመጣል፣ ልጆቿንም በዚሁ ገንዘብ ስታስተምር ያያል።

አዝማሪውም እንደ እርሷ በሚፈለግበትና በሚናቅበት መካከል ይኖራል። ስሙ «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው ከቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ጋር አንድ ነው። መሣሪያው ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በዚህ በአንድ ክር ይጫወታል። በጠላ ቤት የሚታየው ዋናው ልማድ ግን አድማጩ ዝም ብሎ አለመስማቱ ነው። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ያስገባዋል፣ ሲያሻውም አሳምሮ ይመልስበታል። እንግዲህ ግጥሙ የአዝማሪው ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ እዚህ ላይ ትርጕም ያገኛል። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው የተጠራ የትምህርት ቦታዎች ናቸው፤ ከነዚህና ከመሰሎቻቸው ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ እርሻ የተመለሰ ሰው በየገበያው ይገኛል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ በጠላ ቤት ሲቀመጥ አዝማሪው የሚናገረውን በሁለት በኩል ይሰማል። ለምሳሌ «ጠላ» የሚለው ቃል መጠጡንም፣ ሰውየው መጥላቱንም ስለሚያመለክት፣ ቤቱን ጠልቶ ወደ ጠላ ቤት የመጣውን ባል ስሙን ሳይጠሩ ለመንካት ይበቃል። በዚህ መንገድ የጎረቤት ጥል፣ የዳኛ አድልዎ፣ የሹም በደል በግልጽ ሊባሉ የማይችሉት በዜማ ይባላሉ። የሚያስቀይመው ነገር ወርቁ ውስጥ ስለ ተሸሸገ ተናጋሪው የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለው፤ የተነካውም ሰው እንዳልሰማ ሆኖ ክብሩን ይጠብቃል። ደብተራውና አዝማሪው በአንድ ዐይነት ጥበብ ይኖራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሲከበር ሌላው «አዝማሪ» ተብሎ ይሰደብበታል።

የአዝማሪውም ትምህርት እንደ ልጃገረዲቱ በሥራ ላይ የሚገኝ ነው። ልጁ አባቱን ወይም አጎቱን እየተከተለ፣ ሰውን እንዴት እንደሚያወድስ፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ የሰከረውን በምን ቃል እንደሚያበርደው በዐይኑ ያያል። በቀድሞው ልማድ በዐቢይ ጾም ማሲንቆ ይሰቀላል፤ በቤተ ክርስቲያንም በዚያ ወራት ከበሮና ጸናጽል አይሰማም። ያን ጊዜ ጠላ ቤቱ ማዕዱና ጠላው ብቻ ይቀሩታል፤ ገበያተኛውም ቶሎ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የጠላ ቤቱን ማዕድ ጠባይ ለመለየት ከሰንበቴ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሰንበቴም ሳምንታዊ ነው፤ አባሎቹ በተራ ዳቦና ጠላ ይዘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይበላሉ። ጠላው ያው ጠላ፣ ጋኑም ያው ጋን ነው። ነገር ግን ሰንበቴ የሚበላው አባል ነው፤ አባልነቱም ከአጥቢያው ጋር የተያያዘ ነው። ጠላ ቤት ግን አጥቢያው ለማይታወቅ መንገደኛ፣ ለነጋዴው፣ ለእስላሙ ጎረቤት ጭምር ደጁ ክፍት ነው፤ ጠላ ባይጠጣ እንኳ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሰንበቴ የአንድ አጥቢያ ሰዎችን ሲያስተሳስር፣ ጠላ ቤት የብዙ አጥቢያ ሰዎችን ያስተዋውቃል።

በዘመናችን ይህ ትስስር እየላላ ነው። የጠርሙስ ቢራ ከከተማ በመኪና ስለሚመጣ ድፍድፍ አይጠይቅም፤ የሚሸጠውም ሰው ሙያ አያስፈልገውም። የድምፅ ማጉያው «ተቀበል» ቢሉት አይቀበልም። ልጃገረዲቱ ትምህርት ቤት መግባቷ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የጥንስሱን ቀን የሚቈጥርላት ሌላ ሰው አልተተካም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ነው። መንገድ በተዘጋ ቍጥር ገበያው ይሳሳል፤ ገበያው በሳሳ ቍጥር የተጠነሰሰው ጠላ ገዢ ያጣል። ዐሥር ቀን የተደከመበት ጋን በአንድ ረቡዕ ካልተሸጠ ይኰመጥጣል፤ ኪሳራውም የአንዲት ሴት ነው።

በአዲስ አበባ የሆነውም ትምህርት ይሰጣል። በካዛንቺስ ሠፈር የነበሩት የአዝማሪ ቤቶች፣ በተለይም በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ የተመራው ፈንድቃ፣ ጥበቡን እስከ ውጭ አገር አሳውቀዋል። ሆኖም ሠፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለከተማ እድሳት ሲፈርስ፣ አዝማሪ ቤት ከጎረቤቱ ተነጥሎ መኖር ይችል እንደ ሆነ የሚለው ጥያቄ በግልጽ ተነሥቷል። መሣሪያን ወደ ሌላ አዳራሽ መውሰድ ይቻላል፤ ግጥም የሚሰጠውን የሠፈር ሰው ግን አብሮ መውሰድ አይቻልም።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የምንደርስበት ሐሳብ ስለ አጠናን ነው። እስከ ዛሬ ስለ ጠላ የጻፉት ስለ መብላላቱ፣ ስለ አዝማሪ የጻፉት ስለ ቅኝቱና ስለ ግጥሙ፣ ስለ ገበያ የጻፉት ስለ ዋጋው አተኵረዋል። እያንዳንዱ ጥናት በራሱ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ዜማውን ያቆየው የማዕዱ ገንዘብ፣ ማዕዱን ያቆየው የሴቲቱ ሙያ፣ ሙያውን ያቆየው የረቡዕ ሕዝብ መሆኑን ለየብቻ የሚያጠና አያየውም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ የሚያጠናው መጠጡን ወይም ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን አንድን ቤት በአንድ ሙሉ ሳምንት ይሁን፤ ሐሙስ ጠዋት ጋኑ ሲታጠብ ይገኝ፣ ረቡዕ ማታም ሒሳቡ ሲቈጠር አይለይ። የቀኖቹን ቍጥር፣ የእፍኙን ልክ፣ የተሰጠውንና የተመለሰውን ግጥም በባለቤቶቹ ፈቃድ ይመዝግብ። ልጃገረዲቱ ሙያውን ለምን እንደ ያዘች ወይም ለምን እንደ ተወች ራሷን ይጠይቅ፤ የዚህ ቤት የነገ ዕጣ ከሌላ ሰው ይልቅ በእርሷ መልስ ይታወቃልና።