የወቅቱን የዝናብ ትንበያ ለእርሻ ሥራ እንዴት እንጠቀምበት?

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት አብዛኛው የሚለማው በዝናብ ነው። በመሆኑም የዝናቡ መግቢያ በሁለት ሳምንት ቢዘገይ ወይም በሐምሌ ወር ለአሥር ቀናት ቢቋረጥ ጉዳቱ በአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ላይ ይታያል። ይህን ሥጋት ለመቀነስ እንዲረዳ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት እያንዳንዱ ወቅት ከመግባቱ በፊት የወቅቱን የአየር ጠባይ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው በሚገባ የሚጠቅመው ግን ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮችና በየቀበሌው የሚገኙ የግብርና ባለሙያዎች ትንበያውን ተረድተው ለውሳኔ እንዲጠቀሙበት ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የዝናብ ወቅቶቻችን

የኢትዮጵያ የአየር ጠባይ በሦስት ወቅቶች ይከፈላል። እነርሱም ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት እና ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ናቸው። ከአገሪቱ ዓመታዊ የሰብል ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በመኸር የሚሰበሰብ በመሆኑ የክረምቱ ትንበያ የብዙዎችን ትኩረት ይስባል። ይሁንና በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የበልግ ገብስ የሚያመርቱ ቤተሰቦች አሉ። እንደ ማሽላና በቆሎ ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ ሰብሎችም በብዙ አካባቢ የሚዘሩት በበልጉ ዝናብ ሆኖ የሚሰበሰቡት በመኸር ነው። ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ዋናው ዝናብ የበልጉ ሲሆን፣ በቦረና ሀገያ፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ ደይር የሚባለው የበጋው መጀመሪያ ዝናብ ሁለተኛ የዝናብ ወቅታቸው ነው። ስለዚህ ትንበያን ለመጠቀም የመጀመሪያው እርምጃ የወጣው ትንበያ የራስን አካባቢ የዝናብ ወቅት የሚመለከት መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ትንበያው በምን ላይ ይመሠረታል?

የወቅት ትንበያ ከሚመሠረትባቸው ዋና ዋና መረጃዎች አንዱ የውቅያኖሶች ሙቀት ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ክፍል ከመደበኛው በላይ ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ከመደበኛው በታች ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ኤልኒኖ በሚከሰትበት ዓመት የሰሜን፣ የመካከለኛውና የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ ያሳያል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የታየው ይኸው ሲሆን፣ በተከተለው ድርቅ ምክንያት በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የዕለት ደራሽ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተገልጿል።

ያው ኤልኒኖ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ አካባቢዎች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ዝናብ ብዙውን ጊዜ ያበረታዋል። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ሲሞቅ ደግሞ ዝናቡ ይበልጥ ይጠናከራል። ላኒና ሲከሰት ሁኔታው ይገለበጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በነዚህ አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተው ከፍተኛ የእንስሳት እልቂት ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ከኤልኒኖ ጋር ተያይዞ የጣለው ከባድ ዝናብ በሶማሌ ክልል ጎርፍ አስከትሏል። «ኤልኒኖ መጥቷል» የሚለው ዜና ብቻውን ለሁሉም አካባቢ አንድ ዓይነት ትርጉም የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያዎች ይህን መረጃ መሠረት አድርገው የውቅያኖሱና የከባቢ አየሩ ሁኔታ ከዘንድሮው ጋር የሚመሳሰልባቸውን ያለፉ ዓመታት ይመርጣሉ፤ የአየር ንብረት ሞዴሎችን ውጤትም ያመሳክራሉ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ትንበያ መድረክም ከጎረቤት አገሮች ባለሙያዎች ጋር ይመክራሉ።

«ከመደበኛ በላይ» እና «ከመደበኛ በታች» ሲባል

የአንድን አካባቢ መደበኛ ዝናብ ለማወቅ የ30 ዓመታት የዝናብ መረጃ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው በቅደም ተከተል ይደረደራል። ዝቅተኛ ዝናብ የተመዘገበባቸው 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ 10 ዓመታት «መደበኛ»፣ ከፍተኛዎቹ 10 ዓመታት ደግሞ «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። እዚህ ላይ «መደበኛ» የሚለው ቃል ከየአካባቢው ጋር የሚለዋወጥ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በጎሬ መደበኛ የሚባለው ዝናብ በመቀሌ መደበኛ ከሚባለው በእጅጉ ይበልጣል።

ምንም ዓይነት ተጨማሪ መረጃ ባይኖር የሦስቱም ዕድል እኩል፣ ማለትም በግምት 33 በመቶ ይሆን ነበር። ትንበያው የሚያደርገው ይህን ዕድል ወደ አንዱ ማዘንበል ነው። ለምሳሌ ያህል ትንበያው ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ ቢል፣ ወቅቱ እርጥበታማ የመሆን ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ሆኖም ተመሳሳይ ትንበያ ከሚወጣባቸው አምስት ወቅቶች በአንዱ ገደማ ዝናቡ ከመደበኛ በታች ሊሆን ይችላል። አርሶ አደሩ በሰፊው ዕድል ላይ ተመሥርቶ እየተዘጋጀ ለጠባቡ ዕድልም መጠባበቂያ መያዝ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የወቅቱ ድምርና የዝናቡ ሥርጭት

የወቅት ትንበያ በዋናነት የሚናገረው በአንድ ሰፊ አካባቢ በወቅቱ በጠቅላላ ስለሚጥለው ዝናብ ነው። በዚህ ቀበሌ በዚህ ቀን ይዘንባል አይልም። ሰብል ደግሞ የሚያድገው በወቅቱ ድምር ብቻ ሳይሆን ዝናቡ በየሳምንቱ በሚደርሰው መጠን ጭምር ነው። በቂ የተባለ ዝናብ በጥቂት ቀናት ዶፍ ወርዶ ቢያልቅ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ሰብሉ በሚያብብበት ጊዜም እርጥበት ያጣል። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ደጋውና ቆላው የተለያየ ዝናብ ያገኛሉ።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው የዝናቡ አጀማመር ነው። አንዳንድ ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ቀናት የዘነበ ዝናብ ገበሬውን ለዘር ካነሣሣ በኋላ ለረጅም ቀናት ይጠፋል። የተዘራው ዘር በቅሎ ይደርቃል፤ ዳግም የሚዘራ ዘርም ላይኖር ይችላል። ዝናቡ በእርግጥ መግባቱን ለመለየት ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ ቢበዛ በሦስት ቀናት ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መጣሉና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ረዘም ያለ ደረቅ ጊዜ አለመከተሉ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። የሚቀጥሉትን ቀናት አስቀድሞ ማወቅ የሚቻለው በየአሥር ቀኑ በሚወጣው ትንበያ በመሆኑ ዘር ከመዝራት በፊት ይህን ትንበያ መጠየቅ ይገባል።

ለእርሻ ውሳኔ

ትንበያው ወደ ከመደበኛ በታች ወይም ወደ ዘግይቶ መግባት ሲያመለክት፦

ፈጥነው የሚደርሱና ድርቅን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ቀደም ብሎ ማፈላለግ ይመከራል። ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ በሚያዝያ ሳይዘራ ከቀረ፣ ፈጥኖ በሚደርስ ማሽላ፣ በጤፍ ወይም በማሾ መተካት ይቻላል። ሙሉውን ዘር በአንድ ቀን ከመዝራት ከፋፍሎ መዝራትና የተወሰነ ዘር ማስቀረት ጉዳትን ይቀንሳል። በማሳ ውስጥ ያሉ ቦዮችን በየመካከሉ በአፈር መገደብ የዘነበው ውሃ በማሳው እንዲቆይ ይረዳል። አርብቶ አደሮች መኖ አስቀድመው እንዲያከማቹ፣ ለሽያጭ ያሰቧቸውን እንስሳትም ሳይከሱና ዋጋቸው ሳይወርድ እንዲሸጡ ይመከራሉ።

ትንበያው ወደ ከመደበኛ በላይ ሲያመለክት፦

ውሃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ የማንጣፈፊያ ቦይ ከወዲሁ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ዩሪያ ማዳበሪያ በከባድ ዝናብ ዋዜማ ቢጨመር ታጥቦ ስለሚሄድ የአጭር ጊዜ ትንበያን አይቶ ከፋፍሎ መጨመር ይሻላል። እርጥበትና ቅዝቃዜ ለስንዴ ዋግ ስለሚመቹ ማሳን በየጊዜው መቃኘትና ምልክቱ እንደታየ ለባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። በአዋሽ ተፋሰስ፣ በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች እንዲሁም በሌሎች ለጎርፍ ተጋላጭ ስፍራዎች የሚኖሩ ነዋሪዎች እህላቸውንና እንስሳታቸውን ወደ ከፍታ ቦታ የሚያሸሹበትን መንገድ አስቀድመው ይወስኑ። ዝናቡ ወደ ጥቅምት ከዘለቀ የደረሰ ሰብልን በወቅቱ አጭዶ መከመር የምርት ብክነትን ይከላከላል።

መረጃውን ከየት ማግኘት ይቻላል?

የወቅት፣ የወር፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያዎችን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በክልል ማዕከላቱ በኩል ያሰራጫል። የግብርና ምክር በነፃ የስልክ መስመር 8028 ይሰጣል። ትንበያው ለቀበሌዎ አፈርና ሰብል ምን ትርጉም እንዳለው ለማወቅ በቅርብዎ የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያነጋግሩ። የወቅቱን ትንበያ ለዝርያ ምርጫና ለዝግጅት፣ የአሥር ቀኑን ለዘርና ለማዳበሪያ ቀን፣ የዕለቱን ደግሞ ለአረም፣ ለርጭትና ለአጨዳ ይጠቀሙ። የወቅቱ ትንበያ ከወጣ በኋላም ሁኔታዎች ሊለወጡ ስለሚችሉ አዳዲስ መረጃዎችን እስከ አጨዳ ድረስ መከታተል ይኖርብዎታል።