የሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ፈተና ውጤት ንጽጽር

የሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ፈተና በሕክምና የተመረቀ ሰው ሕሙማንን ለማከም የሚበቃ ዕውቀት እንዳለው የሚመዘንበት ፈተና ነው። ለተፈታኙ ወደ ሥራ መግቢያ ሲሆን፣ ውጤቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደርም ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ የማለፍ ምጣኔ ብቻውን የትምህርት ቤትን ጥራት አያሳይም።

የሕንድ ምሳሌ

ሕንድ በውጭ አገር ሕክምና ተምረው ለሚመለሱ ዜጎቿ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ልዩ ፈተና ትሰጣለች። ፈተናው 300 ጥያቄዎች አሉት፤ ለማለፍ 150 መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ከተፈተኑት ከ61,000 በላይ ሰዎች ያለፉት 14 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ውጤቱ በተማሩበት አገር ሲከፈል ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከሞሪሸስ ተመራቂዎች ከግማሽ በላይ፣ ከባንግላዴሽ 27 በመቶ፣ ከቻይና ደግሞ 12 በመቶ ያህሉ አልፈዋል። ነገር ግን ከቻይና የመጡት ተፈታኞች ከ20,000 በላይ ሲሆኑ ከሞሪሸስ የመጡት 154 ብቻ ነበሩ። በጥቂት ሰዎች ላይ የተመሠረተ መቶኛ የጥቂት ተፈታኞች ውጤት ሲለወጥ በቀላሉ ይዋዥቃል። ከዚህም በላይ ወድቆ ደግሞ የሚፈተን ሰው በየዙሩ ስለሚቆጠር ምጣኔው ዝቅ ይላል። ወደ እያንዳንዱ አገር የሚሄዱት ተማሪዎች የቀድሞ ውጤት፣ የመማሪያ ቋንቋና በሆስፒታል የሚያገኙት ልምምድም አንድ ዓይነት አይደለም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ሙያ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል። የሕንዱ ፈተና ከውጭ የተመለሱትን ብቻ ሲመለከት፣ የኢትዮጵያው በአገር ውስጥ የተማሩትንም ይመዝናል። በዚህ ምክንያት በ1947 ዓ.ም. በተመሠረተው የጎንደር ተቋም የተማረና በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ከተከፈቱት 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የወጣ ሐኪም በአንድ መለኪያ ይታያሉ። አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች ተቀብለው ያስተማሩ በመሆናቸው ግን የተፈታኞቹ መነሻ ይለያያል።

የመቀሌ ሁኔታ

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን በዋናነት የሚያካሂዱት እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት በጀመረው በአይደር ሆስፒታል ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ተቋርጧል፤ ሆስፒታሉም መድኃኒት፣ መብራትና የሠራተኛ ደመወዝ ተቸግሯል። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። በእነዚያ ዓመታት የተማሩ ሐኪሞች ውጤት ትምህርት ካልተቋረጠባቸው ጋር ሲነጻጸር ይህ ሁኔታ መታሰብ አለበት፤ አለበለዚያ የጦርነቱ ጉዳት የተማሪው ወይም የትምህርት ቤቱ ድክመት ተደርጎ ይወሰዳል።

ስለዚህ ተገቢ ንጽጽር ለማድረግ የተፈታኞች ብዛት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑትና ደግመው የተፈተኑት ተለይተው፣ እንዲሁም ተማሪዎቹ የገቡበት ውጤትና የተማሩበት ሁኔታ ከማለፍ ምጣኔው ጋር አብረው መቅረብ ይኖርባቸዋል።