ሂዳ፦ ሰው የሚኖርበት ቅርስ

ጃፓን ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው የቶኪዮ ፎቅና ፈጣኑ ባቡር ነው። አገር ጎብኚውም ቢሆን ቶኪዮንና ኪዮቶን አይቶ የሚመለሰው ይበዛል። ከእነዚህ ወጣ ብሎ፣ በጊፉ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ተራሮች መካከል ሂዳ የሚባል አካባቢ አለ። በክፍል ውስጥ ስለ መስህብ አያያዝ የምንማረውን በተግባር ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ባይ ነኝ።

ከከተማው እንጀምር። ታካያማ የሂዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ከጥንት በአናጢዎቹ የታወቀ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በወጣው ሕግ መሠረት አንዳንድ ግብር ቀርቶለት በምትኩ ከየመንደሩ 10 አናጢ ወደ መዲናው ይልክ ነበር። ሙያው አለመጥፋቱን ለማየት በሳንማቺ ሠፈር ባሉት ጥቁር የእንጨት ቤቶች መካከል መመላለስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1692 የቶኩጋዋ መንግሥት ሂዳን በቀጥታ ማስተዳደር ሲጀምር ሹሞቹ የሠሩበት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ዛሬ ሙዚየም ነው። በኤፕሪልና በኦክቶበር በሚከበሩት በዓላት የሚወጡት ያጌጡ ሠረገላዎችም የሚታዩ ናቸው።

የሂዳ ዋናው ጉድ ግን በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል የሚርቀው ሽራካዋ ነው። ኦጊማቺ በተባለው መንደር ያሉት የሣር ቤቶች ክዳናቸው እጅግ ሾጣጣ ስለሆነ፣ መዳፉን ገጥሞ ከሚጸልይ ሰው ጋር ተመሳስለው ጋሾ ተብለዋል። ቅርጹ ለጌጥ አይደለም፤ በረዶው ከባድ ስለሆነ ቶሎ እንዲንሸራተት ነው። የጣራው እንጨት ሚስማር ሳይነካው በገመድና በለጋ ቅርንጫፍ ይታሰራል። ሰፊው ቆጥ ደግሞ የሐር ትል ማርቢያ ነበር። ሣሩን ለመለወጥ መንደርተኛው በሙሉ ይወጣል፤ እኛ ደቦ የምንለውን እነሱ ዩዪ ይሉታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሊጠፋ ነበር። በ1961 የተጠናቀቀው የሚቦሮ ግድብ በወንዙ ላይኛው በኩል የነበሩ መንደሮችን አሰጠመ፤ ሌላው ቤት ተሸጠ፣ ተቃጠለ፣ ፈረሰ። በ1971 የኦጊማቺ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ቤታችንን አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም ብለው ተስማሙ። ልብ በሉ፣ መንግሥት መንደሩን በጥበቃ ቀጠና ውስጥ ያስገባው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1976 ነው። ዩኔስኮ ከጎረቤቱ ከጎካያማ ጋር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ደግሞ በ1995 ነው።

ከምዝገባው በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ከኮቪድ በፊት በነበሩት ዓመታት ሽራካዋን በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘው ነበር፤ ነዋሪው ግን ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም። የእርሻ መሬት መኪና ማቆሚያ እስከ መሆን ደረሰ፤ የሰው ጓሮ ገብቶ ፎቶ የሚያነሳም አልጠፋ። ስለዚህ ከ2014 ጀምሮ የጎብኚ መኪና ከወንዙ ማዶ ቆሞ እንግዳው በተንጠልጣይ ድልድይ በእግሩ እንዲሻገር ተደረገ። ቤቶቹ በክረምት ማታ በመብራት የሚደምቁበትን ትርኢት ለማየትም ከ2019 ወዲህ ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ሆኗል። ገቢ ይቀንሳል ተብሎ ሊፈራ ይችላል፤ እኔ ግን ትክክለኛ እርምጃ ነው እላለሁ።

እሳትም አለ። ሣር ቤት በሣር ቤት አጠገብ ስለሆነ በየቦታው ውኃ መርጫ ተተክሏል፤ በየዓመቱ መኸር ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተከፍተው ይሞከራሉ፤ ይህም ራሱ ሰው ተሰብስቦ የሚያየው ሆኗል። የሚያስቸግረው ደቦው ነው። የገበሬው ልጅ ባለእንግዳ ማረፊያ ወይም ባለሱቅ ሲሆን፣ ወጣቱም ወደ ከተማ ሲሄድ ጣራ የሚወጣ እጅ አነሰ፤ አሁን ብዙው ክዳን የሚለወጠው በተቀጠሩ ባለሙያዎች ነው።